የግጦሽ ወቅትን በፋርምኦኤስ ማዋቀር፦ ከካርታው እስከ መጨረሻው ዝውውር

ፋርምኦኤስ በነፃ የሚገኝና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የእርሻ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። የተሠራው ድሩፓል በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ስለሆነ በራስዎ ሰርቨር ላይ ሊጭኑት ይችላሉ። «የግጦሽ ወቅት» የሚል አንድ ቁልፍ ተጭነው ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የሚያገኙበት ሶፍትዌር ግን አይደለም። እዚህ ውስጥ ወቅት ማለት ገና ያልተፈጸሙ የመንጋ ዝውውሮች በቀን ቅደም ተከተል ተሰልፈው የሚጠብቁበት ሰልፍ ነው። ሰልፉን የሚወስነው ደግሞ ሳሩ ለማገገም የሚፈልገው ቀን ነው። መንጋው በየክፍሉ የሚቆይበት ቀን ከዚያ ተነስቶ ይሰላል።

ስሌቱ እንዲጨበጥ አንድ እርባታ በምሳሌነት እንያዝ። ቦታው ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ የግጦሽ መሬቱ እያንዳንዳቸው 8 ሄክታር በሆኑ 12 ክፍሎች የተከፈለ፣ መንጋው 117 የቀንድ ከብት ነው። ወቅቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2018 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2026 ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀኑንና መለኪያውን ያስተካክሉ

ሦስት ቅንብሮች ሳይስተካከሉ ምንም አያስገቡ።

የሰዓት ክልሉ አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆን አለበት። ይህን በአጠቃላይ ቅንብሩም በእያንዳንዱ ተጠቃሚ አካውንትም ያረጋግጡ። አካውንቱ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ከቀረ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተደረገን ዝውውር 08:00 ብለው ሲያስገቡ ሲስተሙ ከረፋዱ 5 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ፋርምኦኤስ ሰዓቱ ያልደረሰ ዝውውርን ስለማይቆጥር መንጋው እስከ 5 ሰዓት ድረስ በካርታው ላይ አሮጌው ክፍል ውስጥ ይታያል። ተጠቃሚው «አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ መዝገብ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ድርብ ይሆናል። የአበሻ ሰዓትን እንዳለ ማስገባትም ያው ጣጣ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓትን 02:00 ብሎ የጻፈ መንጋውን ሌሊት አዘዋወረው።

የመለኪያ ሥርዓቱን ሜትሪክ ያድርጉ። አለበለዚያ ስፋቱ በኤከር ይመጣል፤ አንድ ሄክታር 2.47 ኤከር ነው።

ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይገባል። የእርባታው ሠራተኞች ግን የሚያስቡት በኢትዮጵያ ቀን ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ስም ላይ የኢትዮጵያውን ቀን ይጻፉ፣ በቀን ሳጥኑ ውስጥ የፈረንጁን ያስገቡ። ለዚህ ወቅት የሚያስፈልጉት መነሻዎች እነዚህ ናቸው፦ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜ 1 ሴፕቴምበር 6፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11። ወቅቱን በወር ብዛት ቆጥሮ «4 ወር፣ 120 ቀን» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የ2018 ጳጉሜ 5 ቀን ስላላት ወቅቱ 125 ቀን ነው፤ 5ቱ ቀን ተረሳ ማለት ደግሞ ከ3.5 ቶን በላይ መኖ ከስሌቱ ወጣ ማለት ነው።

ካርታው

እርባታውን በሙሉ አንድ የ«ላንድ» አሴት አድርገው ይክፈቱ (አሴት ማለት ሶፍትዌሩ የሚከታተለው መሬት፣ ከብት ወይም ሌላ ንብረት ነው)፤ ዓይነቱን «ፕሮፐርቲ» ይበሉት። ከዚያ 12ቱን ክፍሎች አንድ በአንድ፣ ዓይነታቸውን «ፓዶክ» (የግጦሽ ክፍል) ብለው ይመዝግቡና በ«ፓረንት» ሳጥን ከእርባታው ሥር ያስገቧቸው። ስማቸውን በሁለት አሃዝ ይጀምሩ፦ «01 ላይኛው ዳገት»፣ «02 መረሬ»፣ «03 ወንዝ ዳር»። 1፣ 2፣ 3 ብለው ከጀመሩ 10 ከ2 በፊት ተሰልፎ ያስቸግርዎታል። እረኞቹ የሚጠሩትን ስም ይጠቀሙ። ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ ስም ሜዳ ላይ ማንም አያውቀውም።

ድንበሩን በሁለት መንገድ ማስገባት ይቻላል። አንዱ በካርታው ላይ በእጅ መሳል ነው። ሆኖም አብሮት የሚመጣው መሠረታዊ ካርታ የሳተላይት ፎቶ የለውም፤ ፎቶውን ለማየት የጉግል ወይም የማፕቦክስ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) አብርተው ከአቅራቢው የሚያገኙትን የራስዎን የመጠቀሚያ ቁልፍ (ኤፒአይ ኪይ) ማስገባት አለብዎት። ሁለተኛው፣ በስልክ ጂፒኤስ ዙሪያውን ዞሮ የተገኘውን ፋይል በኬኤምኤል (የካርታ ፋይል ዓይነት) ማስገባት ነው። ሲዞሩ ማዕዘን ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ፤ የስልክ ጂፒኤስ የጥቂት ሜትር ስህተት አለው፣ እየተራመዱ ከሆነ ደግሞ ማዕዘኑን ይቆርጠዋል።

ነጥቦችን በእጅ የሚጽፉ ከሆነ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል። ለደብረ ብርሃን አካባቢ 39.5 ከዚያ 9.7 ማለት ነው። ከተገለበጠ ፓዶክዎ ጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት ዳርቻ ላይ ይገኛል። ካርታው ባዶ መስሎ ከታየዎት መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ስፋት ድንበሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ገደሉን፣ ቁጥቋጦውን፣ መንገዱን፣ ረግረጉንም ጭምር። የሚጋጠው መሬት ከዚያ ያንሳል፣ ስሌቱ የሚፈልገውም እሱን ብቻ ነው። በየክፍሉ አንድ የ«ኦብዘርቬሽን» መዝገብ ከፍተው በ«ኳንቲቲ» ሥር መለኪያውን «ኤሪያ»፣ ቁጥሩን 7.2፣ አሃዱን ሄክታር፣ መለያውን «የሚጋጥ» ብለው ያስገቡ። በምሳሌያችን አማካዩ 7.2 ነው። ማስታወሻ ሳጥን ውስጥ ብቻ ከጻፉት በኋላ ለማጣራትም ሆነ ወደ ሰንጠረዥ ለማውጣት አይመችም።

መንጋው

አንድ «ግሩፕ» አሴት ይክፈቱ፤ ስሙ «ዋናው መንጋ» ይሁን። የጆሮ ቁጥር ያላቸውን ከብቶች በሲኤስቪ ፋይል በጅምላ ማስገባት ይቻላል። ፋይሉን ከኤክሴል ሲያስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ካልመረጡ የአማርኛው ስም ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፤ አንዴ እንደዚያ ከገባ ማረም እንደገና ከመጻፍ አይሻልም። ቁጥር የሌላቸውን ጥጆች አንድ አሴት አድርጎ ብዛቱን በ«ኢንቬንተሪ» መያዝ ይበቃል።

ከዚያ ከብቶቹን ወደ ግሩፑ የሚያስገባ መዝገብ ይክፈቱ። ይህ መዝገብ «ኢዝ ግሩፕ አሳይንመንት» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት «ዳን» (ተፈጽሟል) መባል አለበት። ከዚህ በኋላ የሚዘዋወረው ግሩፑ ነው፤ አባላቱ እሱን ይከተላሉ። ይህ ደንብ የታመመች ላም ስትለይ ያደናግራል። ላሚቱን ብቻዋን ወደ በረት የሚያዘዋውር መዝገብ ቢያስገቡም የግሩፑ አባል እስከሆነች ድረስ ሶፍትዌሩ ከመንጋው ጋር ያሳያታል። «ሕሙማን» የሚል ሁለተኛ ግሩፕ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የታመመችውን መጀመሪያ ወደዚያ ያስገቧት።

አሁን ክብደት። ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ይበቃል፤ ከየምድቡ አስር ያህል ለክቶ አማካይ መያዝ ነው። የምሳሌያችን መንጋ እንዲህ ነው፦ 60 ላሞች በ320 ኪሎ፣ 2 ኮርማዎች በ500፣ 25 ጊደሮች በ200፣ 30 ጥጆች በ100። ድምሩ 28,200 ኪሎ። ከብት በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል ብለን ስንይዝ፣ መንጋው በቀን 705 ኪሎ ይፈልጋል።

ዋናው ፋርምኦኤስ ይህን ስሌት አይሠራልዎትም፤ በኤክሴል ሠርተው ውጤቱን ብቻ ያስገባሉ። እንደ አግሪዌብና ማያግሬዚንግ ያሉ በክፍያ የሚገኙ የእርባታ ሶፍትዌሮችን የሚጠቀሙ ከሆነ ግን «የእንስሳ አሃድ» የሚለው ስንት ኪሎ እንደሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይዩ። በአሜሪካ ልማድ አንድ አሃድ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ኪሎ ነው። እኛ ዘንድ በጥናትም በመሥሪያ ቤትም የሚሠራበት የሐሩር አሃድ 250 ኪሎ ነው። የእኛ መንጋ በመጀመሪያው 62 አሃድ፣ በሁለተኛው 113 አሃድ ገደማ ይሆናል። 117 ራስ አለኝ ብሎ በአሜሪካው ቅንብር 117 አሃድ ያስገባ ሰው በቀን 1,328 ኪሎ እንደሚያስፈልገው ይነገረዋል፤ ከእውነተኛው ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው። ይህ ስህተት ሳር ሳይጎድል ከብት ያሸጣል።

ሳሩን መለካት

ይህን ደረጃ ብዙዎች በዓይን ግምት ያልፉታል። አይለፉት። ከብረት ወይም ከእንጨት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ያሠሩ። በየክፍሉ ቢያንስ 10 ቦታ ላይ ሳይመርጡ ይጣሉት፤ ሳሩ ያማረበትን ቦታ ፈልጎ መጣል ራስን ማታለል ነው። ክፈፉ ውስጥ ያለውን በማጭድ ከመሬት ወለል አጭደው ያድርቁ፣ ይመዝኑ። በግራም ያገኙትን አማካይ በ40 ሲያባዙ በሄክታር ስንት ኪሎ እንዳለ ይሰጥዎታል። አማካዩ 50 ግራም ከሆነ በሄክታር 2,000 ኪሎ አለ።

ማድረቁ ግዴታ ነው። የክረምት ሳር አብዛኛው ውኃ ነው፤ ደረቁ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ አይበልጥም። እርጥቡን መዝኖ ያስገባ ሰው ያለውን መኖ በአራትና በአምስት እጥፍ አግንኖ ያያል። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በፀሐይ ያድርቁት። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ስለማይገኝ በጭስ አልባ ምድጃ አጠገብ፣ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ማድረቅ ይቻላል፤ እንዳይቃጠል ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ውጤቱን በየክፍሉ በ«ኦብዘርቬሽን» ያስገቡ፤ የሳሩን ቁመትም አብረው ይመዝግቡ። ከጥቂት ዙር በኋላ ቁመቱና ክብደቱ እንዴት እንደሚሄዱ ስለሚታይ በየጊዜው ማጨድ አያስፈልግም።

የቆይታ ቀን

በክረምት፣ ሳሩ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ፣ ለምሳሌያችን 42 ቀን እረፍት እንያዝ። 12ቱን ክፍሎች በሙሉ ካዞርን የመጨረሻዎቹ ሳይደረስባቸው ያረጃሉ፤ አገዳቸው ይጠነክራል፣ ከብቱም ይንቃቸዋል። ስለዚህ 4 ክፍሎችን ለድርቆሽ እንከልላለን። 8 ይቀራሉ።

ቀመሩ አጭር ነው፦ ከክፍሎች ብዛት 1 ይቀንሱ፣ የእረፍቱን ቀን ለቀረው ያካፍሉ። 42 ለ7 ሲካፈል 6 ቀን።

ሳሩ ለዚያ ይበቃል ወይ? በ6 ቀን 4,230 ኪሎ ይበላል፤ ለ7.2 ሄክታር ሲካፈል በሄክታር 588 ኪሎ ገደማ። ካለው 2,000 ኪሎ 29 በመቶ ነው፤ መንጋው ከሳሩ እንዲበላ ከያዝነው የ40 በመቶ ጣሪያ በታች ስለሆነ ይሄዳል። ግን በክረምት 6 ቀን በአንድ ቦታ መቆየት ትንሽ ይበዛል፤ በመጀመሪያው ቀን የተነጨው ሳር በአምስተኛው ቀን ለጋ ሆኖ ብቅ ይልና ከብቱ ደግሞ ይነጨዋል። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ 3 ቀን፣ 3 ቀን ማድረግ ይሻላል። አጥር ባይኖርም ጥሩ እረኛ ይበቃል። በሶፍትዌሩ ከፓዶኩ ሥር «03ሀ» እና «03ለ» ብለው ሁለት ልጅ ፓዶኮች ይክፈቱ።

ዝናቡ መስከረም ላይ ሲቀንስ እድገቱም ይቀንሳል። ውርጩ ከመጣ ደግሞ ይቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመስከረም 14 በኋላ እረፍቱን 70 ቀን እናድርግ፤ ቆይታው 10 ቀን ይሆናል። 13 ዝውውር በ6 ቀን 78 ቀን ይወስዳል፣ መስከረም 13 ላይ ያበቃል። የቀረው 47 ቀን በ4 የ10 ቀን ቆይታና በመጨረሻ በ7 ቀን ይሞላል። ጠቅላላ 18 ዝውውር።

እዚህ ላይ የሚስት ነገር አለ። ቆይታውን 10 ቀን ስላደረጉ እረፍቱ በዚያው ቀን 70 አይሆንም። በዚህ ሰልፍ 14ኛው ዝውውር የሚገባበት ክፍል ያረፈው ያው 42 ቀን ነው፤ ቀጣዩ 46፣ ከዚያ 50፣ 54፣ 58። ወቅቱ ሲያልቅ እንኳ 70 አልደረሰም። ስለዚህ ቆይታው ሲረዝም ሳሩ ይበቃል ወይ የሚለው እንደገና መለካት አለበት፦ 10 ቀን ለመቆየት ሲገባ በሄክታር ወደ 2,450 ኪሎ መኖር ይኖርበታል። ከሌለ ከድርቆሹ ክፍሎች አንዱ ወደ ዙሩ ይመለሳል።

ወደ ሶፍትዌሩ ከመግባትዎ በፊት አንድ የመጨረሻ ማመሳከሪያ። 705 በ125 ሲባዛ 88,125 ኪሎ፤ ለ57.6 ሄክታር ሲካፈል በሄክታር 1,530። 40 በመቶውን ብቻ የምንወስድ ከሆነ መሬቱ በወቅቱ በሄክታር 3.8 ቶን ገደማ ደረቅ ሳር ማብቀል አለበት። ካለፈው ዓመት የድርቆሽ ምርትዎ ጋር ያስተያዩት። መሬትዎ 2 ቶን የሚሰጥ ከሆነ ምንም ያህል ያማረ ዕቅድ ቢሠሩ አይሆንም፤ ወይ መንጋው ይቀንስ፣ ወይ ተጨማሪ መኖ ይገዛ።

ዝውውሮቹን መሰለፍ

የክፍሎቹን ተራ በወረቀት ይጨርሱ። ተራው የቁጥር ተራ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ መጀመሪያ የተበላው ክፍል ዘንድሮ መጀመሪያ አይበላም። መረሬ አፈር ያለበት ክፍል በሐምሌና በነሐሴ ከብት ከገባበት ይቦካል፣ ሳሩም ከነሥሩ ይነቀላል፤ ዳገታማውንና ውኃ የሚያሳልፈውን በዚያን ጊዜ ይጠቀሙ። ረግረግ ያለበት ክፍል የጉበት ትል ስለሚያስከትል ካልደረቀ አይግቡበት፤ ከአራቱ የድርቆሽ ክፍሎች ጋር መመደቡ ጥሩ መላ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን መዝገብ ይክፈቱ፦ ዓይነቱ «አክቲቪቲ»፣ ስሙ «ዝውውር 01፣ ሐምሌ 1፣ ወደ 01 ላይኛው ዳገት»፣ አሴቱ «ዋናው መንጋ»፣ ቦታው ፓዶኩ፣ ቀኑ ጁላይ 8 ቀን 08:00፣ ሁኔታው «ፔንዲንግ» (ገና ያልተፈጸመ)። «ኢዝ ሙቭመንት» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ። ይህ ሳጥን ከተረሳ መዝገቡ ተራ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል፣ መንጋውም ከቦታው አይነቃነቅም። በእርግጥ ብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል የሚለው በዚህች ሳጥን ምክንያት ነው።

መዝገቡ ትክክል መሆኑን ካዩ በኋላ በ«ክሎን» እያባዙ ቀሪዎቹን 17 ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ብቻ ይቀይራሉ። 14ኛው መስከረም 14፣ ማለትም ሴፕቴምበር 24 ላይ፣ 18ኛው ጥቅምት 24፣ ማለትም ኖቬምበር 3 ላይ ካልዋለ የሆነ ቦታ ቀን ዘለዋል። ለብቻው የሚጫን የግጦሽ ዕቅድ ሞጁልም አለ፤ ዝውውሮቹን በጊዜ መስመር ላይ ያሳያል። ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን ሥሩ ያው የዝውውር መዝገብ ነው።

ለመንጋው አለቃ «ወርከር» የሚል ሚና ያለው አካውንት ይስጡት። ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ አምስት ዓምድ ያለው ደብተር ይያዝ፦ ቀንና ሰዓት፣ ከየት፣ ወዴት፣ ራስ ብዛት፣ የሳሩ ቁመት ሲገባና ሲወጣ። ማታ ይገባል።

ወቅቱ ሲሄድ

ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይዘዋወሩ፣ ቀኑ ስላልደረሰም አይጠብቁ። ሳሩ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ መንጋው ይወጣል። መዝገቡን ከፍተው ቀኑንና ሰዓቱን ወደ እውነተኛው ያስተካክሉ፣ ከዚያ «ዳን» ይበሉ። ሦስት አራት ዝውውር አጠራቅሞ በጅምላ «ዳን» ማለት ፈጣን ነው፣ ግን የታቀደው ቀን እንደ እውነተኛ ሆኖ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ክፍል ስንት ቀን እንደቻለ ማወቅ ሲፈልጉ የሚያገኙት የራስዎን ዕቅድ ብቻ ይሆናል።

ዝናቡ ዘግይቶ ሳሩ በ4 ቀን ወደ ኋላ ከቀረ፣ ያልተፈጸሙትን መዝገቦች ሁሉ መርጠው «ሪስኬጁል» ይበሉ፤ የተወሰነ ቀን ከመስጠት ይልቅ ሁሉንም በ4 ቀን የሚገፋውን ምርጫ ይውሰዱ። ስሙ ላይ የጻፉት የኢትዮጵያ ቀን አብሮ አይገፋም፤ እሱን በእጅ ያርሙ ወይም ከጅምሩ «ዕቅድ» የሚል ቃል አስቀድመው ይጻፉበት። ለእነዚያ 4 ቀናት ድርቆሽ ካልተዘጋጀ ግን መግፋቱ የወረቀት ጨዋታ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ክብደቱን እንደገና ይለኩ። ጥጆቹ ከ100 ወደ 130 ኪሎ ቢያድጉ ብቻ 900 ኪሎ ክብደት፣ በቀን ከ22 ኪሎ በላይ ተጨማሪ መኖ ማለት ነው። አዲስ የተወለዱትን በ«በርዝ» ፈጣን ቅጽ ያስገቡ፤ በግሩፑ አባላት ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውንም ያረጋግጡ።

ጥቅምት 30 ላይ ያልተፈጸሙ ዝውውሮች ከቀሩ አይሰርዟቸው። ሁኔታቸውን «አባንደንድ» (የተተወ) አድርገው ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ፦ «ክፍሉ አልደረቀም»፣ «ሳሩ አልበቃም»። የታጨዱት 4 ክፍሎች ገረባ ከኅዳር በኋላ ስለሚደርስ የሚመዘገበው በበጋው ሰልፍ ውስጥ ነው። የድርቆሹን መጠን ግን ሳሩ ከተከመረበት ዕለት ጀምሮ በ«ሀርቨስት» መዝገብ፣ በየክፍሉ ለይተው ያስገቡ።